ሾተላይ መድኃኒት ካገኘ ስንት ዘመኑ!

ይሄኛው ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ቡሬ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ደሜን ተመርምሬ ኦ ኔጌቲቭ ተባልኩ። እጮኛዬ ፖዘቲቭ ነው። ቤተሰብ ‹ሾተላይ ይሆንባችኋል፣ ሳይጠና ይቅር› እያሉን ነው። ምን ይሻላል ይላሉ?» የመለስኩላት በአንድ ቃል ነው፦ ተጋቡ። ምክንያቱን እዚህ በረጅሙ የምጽፈው ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። ይህንኑ የጠየቁኝ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ይህ ጉዳይ ግን ግማሹ የክፍል ትምህርት ነው፣ ግማሹ ደግሞ የገንዘብና የመንገድ ጉዳይ ነው።

ሾተላይ ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጃቢ ጠህናን እስከ ወንበርማ፣ ከደንበጫ እስከ ቡሬ ዙሪያ ታሪኩ አንድ ነው። የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ይወለዳል፣ ያድጋል። ሁለተኛው በተወለደ በማግስቱ ዓይኑም ገላውም ቢጫ ይሆናል፤ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፣ ሳይሰነብት ይሞታል። ሦስተኛው ሰውነቱ አብጦ፣ ሞቶ ይወለዳል። ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሾተላይ አለባት» ይላል። ክታብ ይታሰራል፣ ጠበል ይኬዳል፣ ስለት ይሳላል። ይህን የማነሳው ለመሳለቅ አይደለም። ልጅ በላይ በላዩ የቀበረች እናት ያገኘችውን ሁሉ ብትይዝ ማን ይፈርድባታል?

«አለባት» የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉልኝ። «አለበት» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ባልየውን ዘመድ ይመክረውና ሌላ ያገባል። አዲሷ ሚስት ደሟ ፖዘቲቭ የመሆን ዕድሉ በጣም ሰፊ ስለሆነ ልጆች ወልዳ ታሳድጋለች። በቃ፣ «አየህ፣ ጣጣው የሷ ነበር» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል! የፊተኛይቱም እኮ ደሙ ኔጌቲቭ የሆነ ሌላ ሰው ብታገባ ልጆቿ በዚህ ምክንያት አይሞቱባትም ነበር። ይህን የሚሞክርላት ግን የለም፤ ብዙ ጊዜ ወላጆቿ ቤት ተመልሳ ትቀመጣለች።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ «ዲ» የምትባል ፕሮቲን አለች። ያለችው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለችው ኔጌቲቭ ይባላል። ኤ፣ ቢ፣ ኦ ከሚባለው ጋር አታምታቱት፤ «ኦ ኔጌቲቭ» ሲባል ለዛሬ ጉዳያችን ዋናዋ «ኔጌቲቭ» የምትለዋ ናት። ከአውሮፓውያን ከ100 ሰው ወደ 15 የሚሆነው ኔጌቲቭ ነው። በእኛ አገር ብዙዎቹ ጥናቶች ያገኙት ከ5 እስከ 10 ነው።

እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጁ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ወራት የእናትና የልጅ ደም እንዲሁ በቀላሉ አይቀላቀልም። በወሊድ ሰዓት፣ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ግን ከልጁ ደም ጥቂት ጠብታ ወደ እናትየው ይገባል። የእናትየው የመከላከል ኃይል ዲን አይቶ አያውቅም። እንደ ጠላት ይመዘግበውና ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ የሚተርፈው ለዚህ ነው፤ ምዝገባው ሲያልቅ እሱ ተወልዶ ጡት እየጠባ ነው። ሁለተኛው ሲፀነስ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ደም ይሰባብራል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፣ ልቡ ይደክማል፣ ያብጣል። በሕይወት ቢወለድም ከተሰባበረው ደም የሚወጣው ቢጫ ነገር ሲበዛ አንጎል ድረስ ይዘልቃል።

እንግዲህ አያቶቻችን «ደማቸው አልገጠመም» ሲሉ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም ነበር። ሳይንሱም የተነሳው ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪሞች ልጇ ሞቶ ስለተወለደባት አንዲት እናት ጻፉ። ደም ፈስሷት ስለነበር የባሏን ደም ሰጧት፤ ሰውነቷ ክፉኛ ተቃወመው። ሁለቱም ኦ ነበሩ፤ በጊዜው በሚታወቀው መለኪያ ደማቸው ይስማማል። ስለዚህ ገና ስም ያልወጣለት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በዓመቱ ላንድስታይነርና ዊነር አርኤች የሚባለውን ነገር ይፋ አደረጉ።

መድኃኒቱ የመጣው ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ሐሳቡም መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሊቨርፑል ሮናልድ ፊንና ሲረል ክላርክ፣ በኒውዮርክ ደግሞ ቪንሰንት ፍሬዳ፣ ጆን ጎርማንና ዊልያም ፖላክ ለየብቻቸው ሲሠሩ አንድ ቦታ ደረሱ። ልጁን የሚገድለው ፀረ ዲ ነው አይደል? እንግዲያውስ ያንኑ ፀረ ዲ ከሌላ ሰው ወስደን በመርፌ ለእናትየው እንስጣት አሉ! ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌም አንዱ እጁን አውጥቶ «እንዴት ሆኖ ቲቸር?» ይላል።

እንዲህ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ኃይለኛ ውሻ አለ እንበል። ሌሊት አንድ መንገደኛ ሳያውቅ ዘው ብሎ ይገባል። ውሻው ካገኘው ጠረኑን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው በደጅ ባለፈ ቁጥር ሊበላው ይነሳል። ውሻው ሳይነቃ መንገደኛውን በጓሮ በር ብትሸኙት ግን፣ ለውሻው ያ ሰው ጭራሽ አልመጣም። ከውጭ የተሰጠው ፀረ ዲ የልጁን ደም ጠብታ ይይዝና በጣፊያ በኩል ያስወግደዋል፤ የእናትየው ሰውነት ራሱ ሳይመዘግብ ያልፋል። በውስጡ የሚሆነው ዝርዝር እስካሁን ሊቃውንቱን ቢያከራክርም ውጤቱ ግን አያከራክርም። መርፌው ካልተሰጠ እንዲህ ካሉ እናቶች ከስድስት ሰባቱ አንዷ ገደማ ሰውነቷ ይቆጣል። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ቁጥሩ ከ100 ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል። እርግዝናው 28 ሳምንት ሲሞላ አንድ ከተጨመረ ከ1000 ጥቂት ብቻ ናቸው የሚቀሩት። አሜሪካ በ1968 ፈቃድ ሰጠችው፤ በእኛ 1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም ነበር!

ዛሬ በፀረ እንግዳ አካል የሰውነትን ያልተፈለገ ቁጣ ማብረድ ሰፊ የሕክምና ዘርፍ ሆኗል። ኩላሊት የተተካለት ሰው አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥለው፣ መገጣጠሚያውን የራሱ መከላከያ የሚበላው ሰው እንዲያገግም፣ በዚሁ መንገድ ይረዳሉ። በ2024 ደግሞ ኒፖካሊማብ የተባለ አዲስ መድኃኒት፣ ሰውነታቸው ቀድሞ ለተቆጣ 13 ነፍሰ ጡሮች ተሰጥቶ 7ቱ ለፅንሱ ደም መስጠት ሳያስፈልግ 32 ሳምንትና ከዚያ በላይ አድርሰው ወለዱ የሚል ጥናት ወጣ። ደስ ይላል። ግን እነሱ መከላከያው ላመለጣቸው ጥቂቶች አዲስ ሲሠሩ፣ እኛ የ1968ቱን ገና አላዳረስንም። በዓለም ላይ መርፌው ከሚያስፈልጋቸው እናቶች ግማሽ ያህሉ አያገኙትም ይባላል፤ የእኛ ሰዎች ከየትኛው ግማሽ እንደሆኑ መገመት አይከብድም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለተማሪ የሚጣፍጥ ስለሆነ። ይህ መድኃኒት በፋብሪካ ከኬሚካል ተቀምሞ የሚወጣ አይደለም። ፀረ ዲ በደማቸው ያለ ሰዎች ከሚለግሱት ፕላዝማ ነው የሚዘጋጀው። አውስትራሊያ ውስጥ ጄምስ ሃሪሰን የሚባል ሰው ነበረ። በ14 ዓመቱ ደረቱን ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ብዙ ሰው በለገሰው ደም ተረፈ፤ ዕድሜው ሲደርስ እሱም መለገስ ጀመረ። ደሙ ውስጥ ኃይለኛ ፀረ ዲ ተገኘ። 81 ዓመት እስኪሞላው ድረስ 1,173 ጊዜ ለገሰ። ከእሱ ደም በተዘጋጀው መድኃኒት የተጠበቁት ሕፃናት ወደ 2.4 ሚሊዮን ይገመታሉ። በ2025 በ88 ዓመቱ አረፈ። የሚገርመው ሰውየው መርፌ ማየት አይወድም ነበር፤ ሲወጉት ፊቱን ያዞር ነበር አሉ።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንምጣ። የእህቴ ልጅ ኔጌቲቭ ናት፣ ባሏ ፖዘቲቭ። ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት መድኃኒቱን ፍለጋ ጀመርን። ክትትል የምታደርግበት ቦታ «የለንም፣ ማዘዣ እንጽፍላችኋለን፣ ከውጭ ግዙ» አሉን። ሦስት ከተማ ያሉ ፋርማሲዎች ጋ ደወልን፣ የለም። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ ቦታ ተገኘ፤ ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ብር ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ መንገዱ ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ እንደምታውቁት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ፔርሙስ ውስጥ በረዶ ተደርጎበት፣ ሾፌር ተለምኖ፣ አራት ቀን በየከተማው በሰው ፍሪጅ እየታደረ ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ወለደች። የልጁ ደም ሲታይ ፖዘቲቭ። መርፌው በሰዓቱ ተወጋ፣ ተመስገን። ይህ የሆነው ግን ስልክ ስላለን፣ ባሕር ዳር ዘመድ ስላለን፣ ገንዘቡን ተረባርበን ስላዋጣን ነው። የሰከላ ወይም የቋሪት ገበሬ ሚስት እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እንኳ በምን ታውቃለች?

72 ሰዓት የምትለዋ ደግሞ ከባህላችን ጋር ትጋጫለች። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ ከ100 ወደ 48 ነው። የቀረው ቤት ውስጥ ነው። ቤቷ የወለደች አራስ ደግሞ እልል ተብሎላት፣ ገንፎ ተገንፍቶላት፣ ትተኛለች፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ድረስ ከደጅ ብዙም አትወጣም። አራስን ማሳረፍ መልካም ባህል ነው፣ እኔ አልቃወመውም። ግን ኔጌቲቭ መሆኗ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ በቃሬዛም በባጃጅም ማውጣት፣ ወይም መርፌውን ቤቷ ድረስ ማምጣት ይቻላል። አስቀድሞ ካልታወቀ ግን ማን ያስታውሳታል?

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። የእናቶች አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው እንላለን። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ለሆነች እናት ግን ነፃ የሚባለው አገልግሎት ዋናዋ መርፌ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ፀረ ዲ የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ነው፤ የቅንጦት ነገር አይደለም። እንደ ክትባት ተቆጥሮ፣ በየዞኑ ቢያንስ አንድ ፍሪጅ ውስጥ ሁልጊዜ መገኘት አለበት። ክትባት እስከ ጤና ኬላ ድረስ በቅዝቃዜ ማድረስ ችለን የለም እንዴ?

«በጀት የለም፣ እናቶች በደም መፍሰስ እየሞቱ ስለ ሾተላይ ታወራለህ?» የሚለኝ የጤና ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ሐሳቡ ተራ አይደለም። እስቲ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። በዓመት 200 ልጅ የሚወለድበት አካባቢ እንውሰድ። ከ100 እናት 7ቱ ኔጌቲቭ ናቸው ብንል 14 ናቸው። ክፍል ውስጥ የሠራናትን የዘር ሰንጠረዥ ካስታወሳችሁ፣ ከነዚህ 14 ውስጥ ፖዘቲቭ ልጅ የሚወልዱት ወደ 10 ናቸው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ከወሊድ በኋላ የሚያስፈልገው ወደ 10 መርፌ ነው፤ 28ኛ ሳምንት ላይ የሚሰጠው ቢጨመርም ከ24 አይበልጥም። ባልየው ቀድሞ ቢመረመርና ኔጌቲቭ ቢሆን ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። መርፌው ከሌለ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት እናት ሰውነቷ ይቆጣል፤ አንዴ ከተቆጣ ወዲያ ፀረ ዲ ምንም አይሠራላትም፣ ቀሪው የመውለጃ ዘመኗ በሙሉ እንደዚያው ነው። እናቶቹ በየዓመቱ ይጠራቀማሉ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለፅንስ ማህፀን ውስጥ እያለ ደም መስጠት ተጀምሯል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሕክምናውም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። የቱ ነው የሚረክሰው?

ከመርፌው በፊት ግን ምርመራው አለ። የደም ዓይነት ምርመራ የእርግዝና ክትትል አካል ነው። የመመርመሪያው ጠብታ አለቀ ተብሎ ሳትመረመር የምትመለስ እናት ካለች ግን የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ለዚህ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ ጠብታና የመስታወት ስላይድ ነው። ውጤቱም ካርዷ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗም ትወቀው፣ ባልየውም ይወቀው።

ተወላጆች ውጭ አገር ያላችሁ «ገዝተን እንላክ ወይ?» ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ለጊዜው ብታደርጉት ሕይወት ታድናላችሁ፤ ፍሪጁንና ተቀባዩን ተቋም አስቀድማችሁ አረጋግጡ እንጂ። ግን በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒት አንድ ዓመት ኖሮ በሚቀጥለው ይጠፋል። መደበኛ ግዢ ውስጥ እንዲገባ መጮህ ይሻላል።

ስለ ጋብቻ ያልኩትን ላብራራ። ከጋብቻ በፊት መመርመር ጥሩ ነው፤ ውጤቱን ጋብቻ ማፍረሻ ማድረግ ግን ሌላ በደል ነው። ሴቷ ኔጌቲቭ ወንዱ ፖዘቲቭ ሲሆን እንኳ መከላከያ አለው። ወንዱ ኔጌቲቭ ሴቷ ፖዘቲቭ ሲሆን ደግሞ በዚህ በኩል ምንም ችግር የለም፤ እሱንም ሰምተው «አይገጥምም» ብለው ሽማግሌ የመለሱ ቤተሰቦች አሉ! ከሾተል የቀረችን ልጅ በወረቀት መቁረጥ ምን ይባላል?

ደግሞ ልጅ የሞተባት ሁሉ ሾተላይ አይደለችም። ቂጥኝ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ቆላው አካባቢ ደግሞ ወባ ተመሳሳይ ሐዘን ያመጣሉ፤ ሁሉም ግን በምርመራ ይለያሉ። «ሾተላይ ነው» ተብሎ ቤት የተቀመጠ ቂጥኝ በጥቂት መርፌ ሊድን ይችል ነበር።

ኔጌቲቭ የሆናችሁ እህቶቼ፣ መርፌው ለወሊድ ብቻ አይደለም። ከ12 ሳምንት በኋላ ውርጃ ካጋጠማችሁ፣ በእርግዝና ደም ከታያችሁ፣ ወድቃችሁ ወይም ሆዳችሁን ተመትታችሁ ከሆነ በዚያው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሂዱና ደማችሁ ኔጌቲቭ መሆኑን እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ፤ እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ። ሰባተኛው ወር ሳይገባ መድኃኒቱን መፈለግ ጀምሩ። ቤት የወለዳችሁም 72 ሰዓት አለፈ ብላችሁ አትቅሩ፤ እስከ 10 ቀን ድረስም ቢሰጥ የተወሰነ ጥቅም ስላለው ሂዱና ጠይቁ።

በምትኖሩበት ከተማ መድኃኒቱ ያለበትን ቦታ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ዋጋውንና ያያችሁበትን ቀን ጨምሩበት፤ ሌላ ሰው በከንቱ እንዳይንከራተት።